የቁስሉ ባለቤት ይናገር

ለውድ አባቴ፣
አሰላ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የአሰላ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ባለፈው የላክሁልዎት ጃኬት ልክ ሆነልዎት ወይስ ሰፋ? እማዬስ እንዴት ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ «ምንም አልሆንኩም» እያለች ከሐኪም ትሸሻለች? እህቴ ሳምሪስ፣ ባለቤቷስ፣ ልጆቹስ? ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጅግጅጋም ደህና ናት። ነፋሷ እንደሚያውቁት ነው፤ ጠዋት ጠርገን ያወጣነውን አቧራ ከሰዓት መልሶ ያስገባልናል።

ይህን በደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ስላልቻልኩ ነው። «ፑል» የምትለዋ ቃል ገና ከአፌ ሳትወጣ ስልኩን ይዘጉብኛል። አልፈርድብዎትም። ሳምሪዬ፣ አንቺም ስታነቢላቸው አንድ ቃል እንዳትዘይ። ቢቆጡ ዝም ብለሽ አሳልፊና ቀጥዪ። ደብዳቤውን ይዞ የመጣው የጎረቤታችን የኢሴ ልጅ ማሃድ ነው። አዳማ ጉዳይ ስላለው ነው የወጣው፤ አሰላ ድረስ የመጣው ግን ለእኔ ብሎ ነው። ሲመለስ የእርስዎን መልስ በጆሮው ሰምቶ መምጣት አለበት፤ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ቦንሳ ባጃጁን በውርርድ የተበላበት የዐብዲጀባር ፑል ቤት ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለው ጉዳይ የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ቀርቧል። ሁሉም ተናግሮ የቀረው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።

የታናሼን ነገር አስታውስዎታለሁ ብዬ አልደፍርም። የረሱት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። በጡረታዎ የገዙለትን ባጃጅ በአንድ ቀትር ተበልቶ፣ ዓይንዎን ማየት አፍሮ፣ እዚህ ሰው ተሃሪብ በሚለው የስደት መንገድ ወጣ። ባሕሩም አስቀረው። አስከሬን ሳይኖረን ድንኳን ጥለን ተቀመጥን። ሳምሪዬ፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚያ በኋላ ነው እርስዎ ከዚህ አገር እህል ውኃዬ አለቀ ብለው የተነሱት። ሲሄዱም የዚያን ቤት ደጃፍ እንዳልረግጥ አስጠንቅቀውኝ ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ አልረገጥኩም። መንገዴ በዚያ ቢሆንም ዞሬ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ የማስተምራቸው ሁለት ጎረምሶች እዚያው በር ላይ ሲተናነቁ አየሁ። ለካ ፑል ሲጫወቱ ሞባይል አስይዘው ተወራርደው ኖሯል። ደሜ ፈላ። ገብቼ ዐብዲጀባርን በሰው ፊት ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ሰውዬው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና አንተ ዝጋው አለኝ። ከወንድምህ በኋላ እህል በአፌ አይጣፍጠኝም፤ ግን እንጀራዬ ስለሆነ በገዛ እጄ መዝጋት አቅቶኛል አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

እኔም ዘጋሁት፣ አባባ። ቁልፉን ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ እነዚያ ልጆች የት ገቡ ብዬ ብጠይቅ፣ ከገበያው ጀርባ አንድ የተደበቀ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶባቸው፣ ጫት እየቃሙ እንደሚጫወቱ ሰማሁ። እዚያ ማን ገብቶ ይቆጣቸዋል? ቤቱን ዘጋሁ እንጂ ጨዋታውን አልዘጋሁትም። ቁልፉን መለስኩለትና፣ ከከፈትክም አብረን እናጽዳው አልኩት። ነገሬ ከዚህ ነው የጀመረው።

ደግሞ አልደብቅዎትም፣ ጨዋታውን እወደዋለሁ። እርስዎ በውትድርና ዘመንዎ በጠመንጃ ሲያልሙ ትንፋሽዎን እንዴት ይይዙ እንደነበር ነግረውናል፤ ፑልም እንደዚያ ነው። የሚቸኩል እጅ አይሆነውም። ሰው ተራውን ይጠብቃል፣ የሌላውን ተራ ያከብራል። ይህንን ለልጆች ማስተማር ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?

እናም ጨዋታውን የምንወድ ሰዎች ተሰበሰብን። ጫትና ሲጋራ ከቤቱ ወጣ። አዛን ሲሰማ የመምቻው እንጨት ይቀመጣል፤ ሰላት የሚሰግድ ይሄዳል፣ የማይሰግድም ዝም ብሎ ይጠብቃል። የጠረጴዛው ጨርቅ ተቀዶ ስለነበር አዋጥተን አዲስ አለበስነው። ጠረጴዛው ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነበርና ከድሬዳዋ ባለሙያ አስመጥተን አስተካከልነው። ድሮ ኳሱ እንዴትም ቢመታ ወደ መስኮቱ ሥር ነበር የሚያዘግመው፤ የሰፈሩ ተጫዋችም ይህን እያወቀ ነበር እንግዳውን ሁሉ የሚበላው። ግድግዳው ላይ ደግሞ በአማርኛና በሶማሊኛ «ውርርድ ክልክል ነው» ብለን በትልቁ ጻፍን። ጽሑፉን እያየን ምን ያህል እንደኮራን ብነግርዎት ይስቁብኛል።

ኩራታችን ብዙ አልቆየም። የግመል ወተት የምትሸጠው ዐኒሳ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ከሰሰችን። ለትምህርት ቤት መሳፈሪያ ብዬ ለልጄ የምሰጠው ሁሉ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፣ በእግሩ እየሄደ ያረፍዳል፣ ይህ ቤት ይዘጋልኝ አለች። ሌሎች እናቶችም ተከተሏት። እኛም ተቆጣን። ቁማር የት አየች? ግድግዳውን አታይም እንዴ? ስሟን ስናነሳ ዋልን።

ነገሩን ሊያዩ የመጡት፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴር፣ ማለት አጎት፣ የሚላቸው ዋርሳሜ ናቸው። ያውቋቸዋል፤ ቀብሪበያ ገበያ የከብት ደላላ የነበሩት፣ በለቅሷችን ጊዜ ከድንኳኑ ያልተለዩት ሽማግሌ። ዐስር የሚባለው የከሰዓቱ ሰላት ካለቀ በኋላ መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻሂ ብናቀርብላቸው አልነኩትም፤ ለክስ የመጣ ሽማግሌ ነገሩ ሳይጠራ የሰው ቤት ሻሂ አይጠጣም። ስንጫወት ሲያዩን ቆዩና አንድ ነገር ጠየቁ። ጨዋታው ሲያልቅ የጠረጴዛውን ሂሳብ ማን ይከፍላል? አሉ። የተሸነፈው ነዋ፣ የትም አገር እንደዚሁ ነው አልናቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን አንብቡልኝ አሉ። አነበብንላቸው። እሳቸውም፣ ሁለት ሰዎች ገብተው አንዱ በነፃ ተጫውቶ ሲወጣ ሌላው የሁለቱንም ይከፍላል፤ የዚህ ስሙ በእኛ ሃይማኖት የታወቀ ነው፣ እናንተ ምን ትሉታላችሁ? አሉን። ከዚያም እየተነሱ፣ አጥሩን አሳምራችሁ አጥራችሁ ጅቡን ውስጥ ትታችሁታል ብለው ወጡ። ዐብዲጀባር ፊቱ ጠቆረ።

አባባ፣ የቦንሳ ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። እሱ እኮ ተጫዋች አልነበረም፣ ጀማሪ ነበር። ጀማሪ ይሸነፋል። የተሸነፈ ይከፍላል። የከፈለ ደግሞ ላስመልስ ብሎ አንድ ልድገም ይላል፤ ሲደግምም ይብስበታል። ውርርዱ በባጃጁ አልተጀመረም። የተጀመረው እኛ ሁላችን ወግ ነው ብለን በምናያት በጠረጴዛ ሂሳብ ነው። እንዲያውም ስንቱን ሰው ከጨዋታው ያባረረችው እሷ ናት። መማር የፈለገ ሁሉ ለመማሩ ብሎ የጎበዙን ሂሳብ ሲሸከም ይኖራል፤ ሲሰለቸው ይሄዳል፣ ካልሄደም እንደ ወንድሜ ይሆናል። አዴር ዋርሳሜ ከወጡ በኋላ ከጠረጴዛው ጥግ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም አላባበለኝም፤ ሁሉም የራሱን ያስብ ነበር።

በማግስቱ ደንቡን ቀየርን። ያሸነፈም የተሸነፈም ግማሽ ግማሽ ይከፍላል። አይ ጉድ! የድሮዎቹ ተጫዋቾች እንዴት እንደተነሱብን! ያለ ተሸናፊ ሂሳብ ፑል ጨው የሌለው ወጥ ነው እያሉ ጥለውን ወጡ። ቤቱ ጭር አለ። ዐብዲጀባር ባዶ ጠረጴዛ ሲወለውል እየዋለ አንድም ቀን የድሮውን ደንብ መልሱልኝ አላለም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ቀስ እያለ ግን ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረው ሰው መግባት ጀመረ። የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው። ጠዋት ጠዋት ለሚማር ሰው በነፃ እናሳያለን። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሴቶች ነው፤ የዐብዲጀባር ልጅ ሂንዳ መጋረጃ ጥላ፣ በር ዘግታ ነው የምታስተምረው። እኔ እንኳ የረሳሁትን ቦርሳ ልወስድ ብሄድ ከደጅ መለሰችኝ። የዐኒሳ ልጅም የድርሻውን ከፍሎ ይጫወትና በጊዜ ቤቱ ይገባል። የቀብሪበያና የኤረር ልጆች ይህን ሰምተው ውድድር እንግጠም ብለውናል። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም፤ አሸናፊው አንድ አዲስ ስቴካ፣ ማለት የመምቻውን እንጨት፣ ይወስዳል። በቦንሳ ስም እንሰይመው ያሉ ነበሩ። እኔ ከለከልኩ። የልጅዎን ስም ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም ግድግዳ ላይ አይጽፍም።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ተቀመጡ። ዐኒሳ ተጠየቀች፤ ልጄን አግኝቻለሁ፣ ክሴን ትቻለሁ አለች። እኛም አለቀ ብለን ለምርቃት እጃችንን ዘረጋን። አዴር ዋርሳሜ ግን አልመረቁም። የቁስሉ ባለቤት ገና አልተናገረም አሉ። በዚህ ቤት ልጁን ያጣ ሰው አለ፣ ድንኳኑ ውስጥ አብረን ተቀምጠናል፤ ደሬሳ ሳይጠየቅ እኛ ብንፈቅድ በሀዘኑ ላይ መራመድ ነው አሉ። አንዱ፣ ልጁ ሚሊዮን እዚህ አለ፣ ስለ አባቱ ይናገር ቢል፣ ልጅ ስለ አባቱ ቁስል አይናገርም ብለው ቆረጡት። በስልክም አይሆንም፣ ሰው ሄዶ በጆሮው ይስማ አሉ። ለዚህ ነው ማሃድ ፊትዎ የተቀመጠው።

እንግዲህ አባባ፣ ፍርዱ የእርስዎ ነው። ይቀጥል ካሉ ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል፣ ውድድሩም ይደረጋል። አይሆንም ካሉ ዐብዲጀባር ቃል ሰጥቶኛል፤ ጠረጴዛውን እኔው ራሴ ፈትቼ አወጣዋለሁ፣ ቤቱም ለሌላ ሥራ ይከራያል። ሁለተኛ አላነሳብዎትም። አልቀየምዎትምም። ላባብልዎት ብዬ የጻፍኩት ነገር የለም፤ የሆነውን ብቻ ነው የጻፍኩት። ይቀጥል ቢሉኝ ግን ደስ እንደሚለኝ ያውቁታል፤ ይህን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትተው ንገሩልኝ። ሳምሪዬ፣ ስላነበብሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤትሽ ለጌታሁን ሰላምታዬ ይድረስ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ ትንሿ አጎቷን እንዳትረሳ ፎቶዬን አሳዪያት። የእድሩን ሰዎች፣ በተለይ አባባን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱትን ጎረቤት አመስግኑልኝ። ከዚህ አዴር ዋርሳሜ ሰላም ብለውዎታል። ዐኒሳም እንዲሁ። ዐብዲጀባር ሰላም በልልኝ ለማለት አፍሮ ነበር፤ እንቢ ሲል እኔ ነኝ ያስገደድኩት፤ እሱም ሰላም ብሎዎታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወደዚያ ቤት መመላለሴን ከሰሙ ጀምሮ ስደውል «ሚሊዮን» ብቻ ነው የሚሉኝ። እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፣ የሰው ልጆች አስተምራለሁ፣ ግን ይህ እንደ ሕፃን ያስለቅሰኛል። ቦንሳን ባሕር ወሰደብን። እኔ አለሁ፣ አባባ። ለማሃድ የሚሰጡት መልስ እሺም ይሁን እምቢ፣ እባክዎ «ልጄ» ብለው ይጀምሩት።

ሚሊዮን ደሬሳ
ጅግጅጋ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.