መስኮቱ ላይ ያለው የብር ዶላር

ካርሰን ሲቲ፣ ኔቫዳ
እሑድ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1978

የምወድህ ልጄ ዌንደል፣

ይህ ደብዳቤ ከዓሣ መርከቡ ወርደህ፣ እግርህን ምድጃ ዳር ዘርግተህ ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም። የፖም ዛፉ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፖም ይዤ ስመጣ ሲያየኝ በር መዝጋት ጀምሯል።

ነፍሱን ይማረውና፣ የአባትህ የብር ዶላር በሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበብ ዐውደ ርእይ መሐል ላይ እንዲቀመጥ፣ ከሥሩም «የአልቫ ፔንሮዝ፤ ያልተነካ» ተብሎ እንዲጻፍ ለምነኸኝ ነበር። ትናንት ይዤው ሄድኩ። በ1889 እዚሁ ከተማችን ከተቀረጹት ብዙዎቹ ቀልጠው ስለጠፉ፣ ሰብሳቢዎቹ ያንን ዓመትና ጀርባው ላይ ካለው ንስር በታች ያሉትን የከተማችንን ሁለት ፊደላት ሲያዩ ቤተ ክርስቲያን እንደገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሳንቲሞቹን የሚመረምረው የአባትህ ጓደኛ ኦርቪል ነው። በጠርዙ ይዞ መብራት ሥር አዘነበለው። በማጉያ መነጽሩ መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ ካለችው ሴት ጆሮ በላይ ያለውን ፀጉር፣ ቀጥሎ የንስሩን የደረት ላባ አየ።

«ፀጉሯም ላባውም ቁልጭ ብሎ አለ። ብዙ ኪስ አልዞረም» አለ። ከዚያ ማጉያውን አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም።

«ኔቲ፣ ይሄ እኮ ተወልውሏል።»

«አዎ።»

«በምን?»

«በቤኪንግ ሶዳ። ከማንኪያዎቹ ጋር።»

የጋብቻችን ሃያ አምስተኛ ዓመት ጠዋት ነበር ልጄ። ጠቁሮ አየሁትና አባትህን ላስደስት ብዬ እንደ መስታወት አበራሁት። ያኔ ከሱቅ ስም በቀር ማንበብ አልችልም። በኋላ በአባትህ የሳንቲም መጽሐፍ ብቻዬን ንባብ ስለማመድ፣ ያለ ማንም እርዳታ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሳንቲም በፍጹም አይወለወልም» የሚል ሆነ። መጽሐፉን ዘግቼ ድንች ልልጥ ሄድኩ። አባትህ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ኦርቪል ሳንቲሙን እንደገና አዘነበለና፣ «ታዲያ ይሄ ጠርዙ ላይ ያለው ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ከየት መጣ? አልቫ የት ነበር የሚያስቀምጠው?» አለኝ።

«ቡናማ ፖስታ ውስጥ፣ ወጥ ቤት መስኮት ላይ። እሑድ እሑድ ከቁርስ በኋላ ይገለብጠው ነበር። ‹እንቁላል ነው እንዴ የምታስታቅፈው?› እለዋለሁ።»

«እሱስ?»

«‹ጊዜ ነው የሚፈልገው› ይለኛል።»

ኦርቪል እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! ያልተወለወለ ሳንቲም ማን መስኮት ላይ ያሰጣል? ወረቀቱ ውስጥ ያለው ድኝ እኮ ነው ቀስ እያለ ቀለሙን የሚመልስለት። እንዲህ የሚደረገው ለተወለወለ ብቻ ነው። ለዚህ ነዋ ‹አምጣው እንየው› ባልነው ቁጥር ‹ኔቲ አታስወጣውም› ይለን የነበረው፤ ሌባ!»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ሰውየው ምንም ሳይጠይቀኝ ውሃ አመጣልኝ።

ትንሽ ቆይቶ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ያልተነካ ማለት አልችልም። ግን ዓመቱን ብቻ ጽፌ ሌላውን መተው እችላለሁ።»

«የሆነውን ጻፍ» አልኩት። «የአልቫና የኔቲ ፔንሮዝ፤ የተወለወለ።»

መሐል ላይ አልተቀመጠም፤ ዳር ሰጡት። ሰው ግን ቆም እያለ ጠርዙን ሲያይ ዋለ። አንዲት ሴት ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «አየህ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም!» ስትለው ሰማሁ።

እንግዲህ ዌንደል፣ አንድ ቀን የምትወርሰው የጠበቅከውን ሳንቲም ሳይሆን ይሄኛውን ነው። ቅር ካለህ ለገና ስትመጣ የፖም ፓይህን እየበላህ ታኮርፈኛለህ። ጓንትህን ሳታደርግ ገመድ አትያዝ። ባሕሩ ይታዘዝልህ፤ መረብህ ሞልቶ ይውጣ፤ አባትህን የሰጠኝ አምላክ ለአንተም እንደ እሱ ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ይስጥህ።

ማታ ሳንቲሙን ወደ ቤት መለስኩት። ዛሬ ጠዋት ቁርሴን በላሁ፣ ሳሕኔን አጠብኩ፣ ከዚያ ፖስታውን ገለበጥኩት።

እናትህ
ኔቲ