ፋናዬ አልደረሰችም

ኅዳር 4 ቀን 1930

ጥጥ ስንዳምጥ ዋልን፣ እኔና ልጄ። ፋናዬ ከወትሮዋ ዝም አለች። ምነው ብላት፣ "ወገቤን ይዞኛል እማ።"

"ጎንበስ ብለሽ ስለዋልሽ ነው" አልኳት። ውሸቴን... እኔንም በአሥራ ሦስት ዓመቴ እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። ምነው ትንሽ ቢቆይላት! ምነው በዚህ ዘመን ባይሆን!

ኅዳር 7

የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘርትሁን መጡ። ገና ሳይቀመጡ ፋናዬን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

"ደረሰች?"

"ኧረ ገና ናት እትዬ። አጥንቷ መች ጠና?"

"ስትደርስ እንዳትደብቂኝ።"

ምን ብዬ ልቆጣቸው? አንድ ልጃቸው ከበደ ጣልያን እጅ ከወደቀ ክረምት አለፈ። የመንገድ ሥራው ካቦ "ፋናዬን ስጡኝና ከበደን አስፈታለሁ" ብሏቸዋል። ሰውዬው የእኔ እኩያ ነው፣ ከበለጠኝም ይበልጠኛል! ያገዳቸው የባሌ የሰይፉ ቃል ብቻ ነው። ዱር ሊገባ ሲል ሽማግሌ ፊት አስማላቸው፤ ልጄ አበባዋን ሳታይ ለማንም አትሰጥም ብሎ። እትዬ መሐላ አያፈርሱም። ግን ካየችስ? ካየችማ መሐላው አለቀ።

ኅዳር 11

ጭንቅ ቢለኝ ጠይባ ጋ ሄድኩ። ጎረቤቴ ናት፤ ፈትሌን ለባሏ ለአብዱልመጂድ የምትወስደው እሷ ናት። ሸማኔ ነው። ሁሉን ዘረገፍኩላት።

"ለልጅቱስ ነገርሻት?"

"አፈርኩ።"

"ወላሂ ጉድ ነሽ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትሆኚ ነው?"

ሳቀችብኝ። ስወጣ ግን ከባሏ ሸማ የተረፈ ለስላሳ ቁራጭ ጠቅልላ ብብቴ ውስጥ ወሸቀችልኝ።

ኅዳር 14

ነገርኳት! ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ። ጨርቁን እንዲህ ታጥፊዋለሽ፣ በወገብሽ ክር ከፊትና ከኋላ ታስሪዋለሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቢዋለሽ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያደርቀዋል... እኔን ማንም ስላልነገረኝ አልቅት ገባብኝ ብዬ ስጮኽ መንደሩን እንደሰበሰብኩም አጫወትኳት። እንዴት ሳቀች! ከዚያ ድንገት ቆም ብላ፣

"አባባ ያስማላቸው ለዚህ ነው?"

ልጅ ናት ስል... "ለዚህ ነው። ሲመጣ ለእኔ ብቻ ነው የምትነግሪኝ።"

"ለአክስቴም?"

"ለአክስትሽም።"

"ቤተ ክርስቲያንስ ይገባል?"

"ምን በወጣሽ! ደጁን ስመሽ ውጭ ትቆሚያለሽ እንጂ።"

እናቴ እንዳለችኝ አልኳት። ምንም የረሳሁ አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 17

መጣ። ጓሮ ሆና "እማ" አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማው አወቅሁ። ጨርቁን ራሷ አጥፋ አስራዋለች፣ እንዳሳየኋት። እሷ አላለቀሰችም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። በደህና ዘመን ቢሆን እልል እል ነበር። አፌን በነጠላዬ ይዤ ግንባሯን ሳምኳት።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። አሟታል ብዬ ቤት ላስቀራት አስቤ ነበር። እትዬ ማልደው ደረሱ።

"ለከበደ ስለት አለብኝ። እሷም ትጸልይለት፤ የልጅ ጸሎት አይመለስም።"

እጇን ይዘው ወጡ። ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ጠጋ ብዬ "ዝም ብለሽ ግቢ፣ ኃጢአቱ በእኔ" አልኳት። እንደ ባዳ አየችኝ። ደጁ ላይ ስንደርስ ሳመችና ቀጥ አለች። የወር ግዳጅ ላይ ያሉ ሴቶች ከሚቆሙበት ከአጥሩ ሥር ሄዳ ቆመች። በሰው ሁሉ ፊት!

ሮጬ አጠገቧ ቆምኩ። እትዬ ዞር አሉ።

"ምነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ፣ አልገባም ዛሬ። እሷ እኔን ልትጠብቅ ነው።"

"የሁለት ዓመት ድርቅ ዛሬ ዘነበ?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የወር አበባዬ መቋረጡን የነገርኳቸው እኔው ነኝ... ወይ አፌ! እኔም አብሬ ሳቅሁ። እትዬ አልሳቁም። ሲመለሱም አንድ ቃል ብቻ፦ "ነገ ካቦውን አነጋግረዋለሁ።"

ፋናዬ ቤት ስንገባ፣ "እማ፣ አትግቢ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?" አለችኝ። ነኝ።

ታኅሣሥ 20

ሄደች። ጠይባ ፈትል ላድርስ ብላ ወደ እናቷ አገር፣ ወደ አርጎባዎቹ ተራራ ይዛት ወጣች። ማታውኑ ብነግራት ጎህ ሲቀድ መጥታ በራሷ ሻሽ ጠቀለለቻት።

"ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ራቢዓ ነው። ስገጂ ካሏት ግዳጅ ላይ ነኝ ትበል፤ እኛም ዘንድ በግዳጅ አይሰገድም። እውነቷንም ነው!"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ልሸኛቸው እስከ መንገዱ ወረድኩ። ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር በኩል ሰው ይመጣል... እትዬ ዘርትሁን! በማለዳ ሄደው ነግረውት ነው አልኩ።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች ጠይባ፣ ሳይጠይቋት።

ፋናዬ አንገቷን ደፋች። እትዬ አዩአት። ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"ሻሿን ሳብ አድርጊላት። ማተቧ ይታያል።"

ብለው አለፉ። እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ።

ታኅሣሥ 24

እትዬ ዛሬ መጡ። እሳቱን እያዩ ተናገሩ።

"ያን ዕለት ማለዳ ቃሌን ልሰጠው ሄጄ ነበር። 'ለእኔ መሰለዎት እንዴ?' ብሎ ሳቀብኝ። ለጣልያኑ አለቃው ነው የሚፈልጋት።"

"ምን አሉት?"

"አልደረሰችም አልኩት።"

"ከበደስ?"

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ። ልጄ ተራራው ላይ፣ ልጃቸው እስር ቤት... የእኔዋ ስለዳነች መደሰቴ ራሱ አሳፈረኝ። እጃቸውን ያዝኳቸው፤ አልነጠቁኝም።

ነገ ለከበደ ስንቅ ይዘን ሁለታችን እንወጣለን። ካቦው የሚውለው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ አስቁሞ ስለ ፋናዬ ሳይጠይቀን አይቀርም። ማን ቀድማ እንደምትመልስ ተስማማን። እሳቸው "አልደረሰችም" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ገና ናት" እላለሁ።