ባዶውን የማይመለስ ከረጢት

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ውድነሽ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ በብርድ ጊዜ አሁንም ያስቸግርሻል? ዓይንሽስ? ጣሪያው ክረምቱን እንዴት ቻለው? በጓዳው በኩል ያለችው ቀዳዳ አሁንም ታፈሳለች? እኅቴ ማኅደር፣ ጎረቤታችን ዘቢባ፣ አጎቴ ዓምበሮ፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን በዚህች «ደህና ነኝ» ብዙ ጊዜ ዋሽቼሻለሁና ዛሬ ሁሉን ሰምተሽ አንቺው ፍረጂ።

ማኅደር፣ ይህን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። መጀመሪያ አስቀምጫት። ከዚያ አንዲት መስመር ሳታስቀሪ አንብቢላት። የሚያስከፋውን ዘለሽ የሚያስደስተውን ብቻ የማንበብ አመል አለብሽ። ድሮ ስቆጣሽ ከማን እንደተማርሽው አልገባኝም ነበር፤ ለካ ከእኔ ነው።

እማዬ፣ ደቡብ አፍሪካ አይደለሁም። ረግጬውም አላውቅም። ያለሁት ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። ከምሠራበት ደጃፍ ቆሜ ወዲያ ማዶ የአገራችንን ቤቶች ቆርቆሮ አያለሁ። በዚህ በሚያነክሰው እግሬ እንኳ ድንበሩ ድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። ሁልጊዜ ስደውልልሽ «እዚያ አገር ሌሊት ነው ወይስ ቀን?» እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። አንቺ የምታዪያትን ፀሐይ እያየሁ ነበር የምመልስልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደላላው የጫነን መኪና ሶሎሎ የምትባል ከተማ ሳይደርስ በኮረኮንቹ ላይ ተገለበጠ። አንድ የሆሳዕና ልጅ እዚያው ሞተ፤ ነፍሱን ይማር። ሌሎቹ ፖሊስ ሳይመጣ ብለው ጫካ ገቡ። የእኔ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር የትም አልሄድኩ። ግመል የሚጠብቁ ቦረናዎች አንሥተው ሶሎሎ ሚሲዮኑ ሆስፒታል አደረሱኝ። ጀሶው ሳይፈታልኝ ነው የደወልኩልሽ፤ እውነቱን ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ስልኩን እንዳነሣሽ፣ ድምፄን ሳትሰሚ፣ «ደረስክ?» አልሽኝ። «አዎ» የምትል ቃል አመለጠችኝ። እልል አልሽ። ከኋላሽ ደግሞ ዘቢባ እልል ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልመልሳት? በየወሩ «ወረቀቴ አልተስተካከለም፣ ሥራ አልያዝኩም» እያልኩ ከረምኩ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ስለትሽን ማስገባትሽን ስትነግሪኝ ጊዜ የባሰ ዞረብኝ። ያቺን አንዲት በግሽን ሸጠሽ ጃንጥላ ገዛሽ። ልጄ በሰላም ከገባ ብለሽ ነበር የተሳልሽው፤ ልጅሽ ሳይገባ ስለቱ ገባ። እኔ ግራ እንደገባኝ አለሁ። ገብርኤል ምን ብሎ ተቀበለው? አልደረሰም እንዳልል፣ ከዚያ መኪና ውስጥ በሕይወት ወጥቻለሁ። ደርሷል እንዳልል፣ ይኸው ሞያሌ ቁጭ ብያለሁ። የነፍስ አባትሽን ጠይቂልኝ። ቆጣ ካሉ ግን ተዪው።

ከሶሎሎ ስወጣ መሄጃ አልነበረኝም። የተቀበለችኝ የሞያሌዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሀብታም የሞላባት እንዳይመስልሽ። ምእመኑ አስተማሪው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ዘበኛው ነው። በየሠፈሩ ጁሙያ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ እንደ እኛ ሰንበቴ ቁጠሪው። በዚያ በኩል ተሰብስቦ የሚመጣው አንዱ ድርሻ መነኮሳቱ ለሚጦሯቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ይሄዳል። አንዱ እንደ እኔ መንገድ ለጣለው እንግዳ ማረፊያ ይሆናል። የተረፈው መጋዘን ገብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተቸገረ ይታደላል።

ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ሦስት ወር ጠበቅሁ። ሳልጠየቅ ቀረሁ፤ መልሴም እዚሁ አፌ ውስጥ አለች። ነገሩ አላስችል ሲለኝ ጋልጋሎን ጠየቅሁት። ጋልጋሎ የቦረና ሰው ነው። ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራል፣ መጋዘኑንም ይይዛል። አማርኛ የለመደው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ ስዋሂሊ ነው። «እኔን የምታበሉኝ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብለው፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል ወንዱ፤ እኔ የምፈልገው ያንን ጆንያ እንድታነሣልኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንያ አነሣለሁ።

ሥራዬ ከጆንያው ዱቄትና ቦሎቄ እየቀዱ በትንንሽ ከረጢት መክፈል ነው። እዚህ አገር ፌስታል ክልክል ስለሆነ ሴቶቹ ከአሮጌ አንሶላ ከረጢት ይሰፋሉ። እኔ አፉን አስራለሁ፤ በአባባ ቋጠሮ፣ ቡና ማዘጋጃው ውስጥ ጆንያ ሲያስር ባስተማረኝ። ጫፏን ላወቀ በአንድ ስቦሽ ይፈታል፤ ላላወቀ በጥርስም አይበገርም። ጋልጋሎ ሲታገለው ቆይቶ በስዋሂሊ ተሳድቦ ተወው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብተር ስም እየጠራሁ ለሰው ሁለት ሁለት ከረጢት እሰጣለሁ፤ አንድ ዱቄት፣ አንድ ቦሎቄ። ነገር ሲለይ ደስ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ሰጪው በዚህ፣ ተቀባዩ በዚያ።

ታዲያ በወር አንድ እሑድ ማቶሌዎ የሚሉት አላቸው፤ መባ መሆኑ ነው። ሰዉ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ ወደ መንበሩ ይወጣል። አንዷ ዶሮ ታቅፋ፣ አንዱ ሽንኩርት ተሸክሞ፣ አንዱ ፍየል በቀንዷ እየጎተተ። ባለፈው ጥቅምት ፍየሏ የቄሱን ልብስ ጫፍ ስታኝክ ከሳቄ ጋር ስታገል እንባዬ መጣ። ከቅዳሴው በኋላ የመጣውን ወደ መጋዘን የማግዘው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ከቅርጫቱ ውስጥ አንዲት የቦሎቄ ከረጢት ብድግ ሳደርግ፣ አፏ ላይ የራሴን ቋጠሮ አየሁ። አልተነካም።

ማን እንዳመጣት ጠየቅሁ። እማማ እታለማሁ ናቸው አሉኝ። እማማ እታለማሁ የአገራችን ሰው ናቸው። ደርግ ሲወድቅ ተሰደው ዋልዳ የሚባል የስደተኞች ካምፕ ገቡ። ካምፑ ሲዘጋ የሚመለሱበት ዘመድ አጥተው ማንያታ የሚባለው ሠፈር ቀሩ። ብቻቸውን ናቸው። ቅዳሜ ስማቸውን ጠርቼ ሁለቱን ከረጢት በእጄ ሰጥቻቸው ነበር። ደሜ ፈላ እማዬ። ካልቸገራቸው ለምን ወሰዱ? የሌላ የተራበ ሰው ፈንታ መውሰድ አይደለም ወይ? ጋልጋሎን እንኳ ሳላማክር እርሳሴን አውጥቼ ስማቸው ላይ ሰረዝኩ። ትክክለኛ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረጢቶቻቸውን አጥበው፣ አጣጥፈው መጡ። «ስምዎ የለም እማማ» አልኳቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄያለሁ፤ መልስም አዘጋጅቻለሁ፤ አመሌ ነው። እሳቸው ግን «እሺ ልጄ፣ ለሚቸግረው ይሁን» ብለው በመጡበት ተመለሱ። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። በወሩ መባ ደግሞ በቢላዋ ለሁለት የተከፈለች ግማሽ ሳሙና ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። ጋልጋሎም አየ። ቅዳሜ ለምን እንደማይመጡ ሲጠይቀኝ በኩራት ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ሂድና ራስህ ጠይቃት» አለኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄድኩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጎረቤት ስታበላቸው መሰንበቷን ከደጅ ነገሩኝ። «እማማ፣ የተቀበሉትን ለምን መልሰው ይሰጣሉ? አይርብዎትም?» አልኳቸው። «ይርበኛል እንጂ!» አሉኝ፤ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋቸው ሁሉ። ከዚያ ትንሽ አይተውኝ «አንተ ያደግክበት የጎረቤት ሰሃን ባዶውን ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ።

አፈርኩ እማዬ። የዘቢባን ሰሃን የማመላልሰው እኔ አልነበርኩም? ለኢድ የላከችልሽን በልተን ስንጨርስ ሰሃኑን አጥበሽ ቶሎ አትሰጪኝም ነበር። ቤት ውስጥ ትዞሪያለሽ። ያለ ቀን ቆሎ፣ የሌለ ቀን ከጓሮ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቆርጠሽ ጣል ታደርጊበትና «አድርስ» ትይኛለሽ። ስንት ዓመት አድርሼ፣ የአንዲት ከረጢት ነገር አልገባኝ አለ። እውነቱን ለመናገር አሁንም በደንብ አልገባኝም። የተራበ ሰው እንዴት ይሰጣል? ፍየሏን የሚጎትተው ሰውዬስ ባለፈው ዓመት ከደብተሩ ላይ አልነበረም? ሰጪውን በዚህ፣ ተቀባዩን በዚያ አድርጌ ላሰልፍ ስል ሰዎቹ ይቀላቀሉብኛል። ጋልጋሎን ብጠይቀው ጆንያ አንሣ ነው የሚለኝ።

የእማማ እታለማሁን ስም መልሼ ጻፍኩ። በእርሳስ ስለነበር የሰረዝኩት በላጲስ ጠፋ። ነገሩ አለቀ ብዬ ሳልተነፍስ ጎበዜ መጣ።

ጎበዜ የእኛን መንገድ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ወናጎ ሲደርስ ከሩቅ አይቷችሁ እንዲመጣ ለምኜው ነበር። ከሩቅ ማየት አንቺ ዘንድ አይቻልም ለካ፤ ቁጭ አድርገሽ ቆጮና ጎመን አብልተሽዋል። ሲወጣ ማኅደር ደጅ ድረስ ሸኝታ የነገረችውን ነገረኝ። ጃንጥላውን ባስገባሽ በሳምንቱ ቀበሌ ሄደሽ ስምሽን ከሴፍቲኔቱ ዝርዝር አስወጥተሻል። «ልጄ ደርሷል፤ የእኔን ለሚቸግረው ስጡልኝ» ብለሻል። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። መክሳትሽን፣ የዘቢባ ሰሃን በየቀኑ እንደሚመጣ፣ አንቺም ጤና አዳም ጣል እያደረግሽ እንደምትመልሺው ሰማሁ። ያንቺን ስም ያሰረዘው የእኔ «አዎ» ነው። ይህንን በምን ላጲስ አጠፋዋለሁ?

ስለዚህ እማዬ፣ እግርሽ ሥር ወድቄ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ማኅደርን ይዘሽ ቀበሌ ሂጂ። ልጄ አልደረሰም፣ ዋሽቶኝ ነው በያቸው። ስምሽን አስመልሺ። ሠፈሩ ቢስቅ በእኔ ይሳቅ። ተቀባይ መሆን ካስጨነቀሽ እኔም ዓመት ሙሉ ተቀብያለሁ፤ አልሞትኩም።

ይህን ሁሉ ለእማማ እታለማሁ ነግሬያቸዋለሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ለምን ለእሳቸው እንደነገርኩ አላውቅም። ሰምተውኝ ተነሡና ከቅዳሜው ድርሻቸው ያልተፈታችውን የቦሎቄ ከረጢት አመጡ። «ለእናትህ ላክልኝ» አሉኝ። አይሆንም ብል ሊቆጡ ሆነ። ጎበዜ ይዞልሻል። ቦሎቄ ሆድሽን እንደሚነፋሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብዪው። አፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ስታዪው ታውቂዋለሽ። እንግዲህ ሰውም ስልክም ሳትጠይቂ የእጄን ሥራ አይተሽ እመኚኝ።

ዘቢባን በጣም በጣም ሰላም በዪልኝ፤ ስለ ሰሃኑ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ በያት። አጎቴ ዓምበሮን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ የሰጠኝ ጃኬት መኪናው ሲገለበጥ ቢቀደድም አሁንም እለብሰዋለሁ። ማኅደር፣ አንቺን ምን እንደምልሽ አላውቅም። ለጎበዜ እውነቱን ባትነግሪው ኖሮ እስከ ዛሬ እዋሽ ነበር። ጋልጋሎና እማማ እታለማሁም ሳያውቋችሁ ሰላም ይሏችኋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሁላችሁም የላካችሁኝ ደቡብ አፍሪካ ነበር። አንካሳ ሆኜ፣ ባዶ እጄን፣ ከድንበር ላይ ብመለስ ደጃፍሽን ትከፍቺልኝ እንደሆነ አላውቅም። ልምጣ ወይስ ልቅር፣ እኔ መወሰን አቅቶኛል። ጎበዜ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ከረጢቷን ስጪው። ምንም እንዳትልኪ ብዬ ባዝዝሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ባዶውን መመለስ እጅሽ አይችልም። እንግዲያው ቆሎም ጤና አዳምም አትፈልጊ። ልብሽ ከፈቀደ ማኅደር በቁራጭ ወረቀት «ና» ብላ ትጻፍና እሷን ብቻ ከተሽ በአባባ ቋጠሮ እሰሪልኝ።

ልጅሽ ወንዱ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.