በብርሃን ጥቀርሻ ስለተባረረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የላቦራቶሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በመስታወት ክፍልዎ የጥገና ባለሙያ የነበረው፣ ባልደረቦቹ «ጓንቴ» የሚሉት ሰው ሚስት ነኝ፤ ኬሚስትሪም አስተምራለሁ። ስሙን ያወጡለት ጓንት ሳያጠልቅ የቤታችንን መስኮት እንኳ ስለማይነካ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን ፍርድዎ ላመስግን። በአልትራቫዮሌት መብራቱ ፊት የተተከለው ውድ መስታወት ጠቁሮ ሲገኝ የምርመራው ውጤት «ካርቦን» አለ። እርስዎ ግን ካርቦኑን ወደ ጥቀርሻ፣ ጥቀርሻውን ወደ ሲጋራ፣ ሲጋራውን ደግሞ ወደ ባለቤቴ ለመተርጎም አንድ ስብሰባ እንኳ አልፈጀብዎትም። ድሮ ያጨስ እንደነበር የነገረዎት አለ፤ ልጃችን ስትወለድ እርግፍ አድርጎ እንደተወው ግን የነገረዎት የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳቅዎ። ባለቤቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ መስታወቱ የተጣበቀበት አዲሱ ሙጫ ለዓይን የማይታይ ተን እንደሚያወጣ፣ ጨረሩም ያንን ተን ሰባብሮ ካርቦኑን መስታወቱ ላይ እንደሚያጣብቀው ሲያስረዳዎት፣ ብርሃን ያነጻል እንጂ ያጠቁራል ወይ ብለው ከልብዎ ስቀዋል። ጨረሩን ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ፤ ሳቅዎን ግን ለልጄ ማስረዳት አቅቶኛል።

ሦስተኛ፣ ፎቶግራፉን «በሥራ ቦታ በማጨስ የተባረረ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በዋናው በር ላይ ስለ መለጠፍዎ። ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት የምታልፈው በዚያ በር ነውና፣ አባቷን በየቀኑ እንድታየው ስላደረጉልን ውለታዎን አንረሳም።

ከዚያ በኋላ ቤት ዋለ። እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ይታጠባል። ጣቶቹን ወደ አፍንጫዬ እያስጠጋ ሲጋራ ሲጋራ ይሸቱ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። ሳሙና ሳሙና ነው የሚሸቱት ስለው አያምነኝም። ምንም ያላጠፋ ሰው ራሱን ሲጠረጥር ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ይህን በአክብሮት የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ። ባለፈው ክረምት ልቡ ከዳው፤ ቀበርነው።

ሥራውን ይመልሱለት አልል፣ ለማን ይመልሳሉ? የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶውን ከበሩ ላይ ያንሱልን።

ለጊዜዎ መባከን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ፤

አክባሪዎ፣
የጓንቴ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ከተቀበረ በኋላ በዚያው ሙጫ የተተከለው አዲሱ መስታወትም መጥቆሩን ሰማሁ። አጫሹን ለመያዝ ሰው የሚልኩ ከሆነ የጓንቴ አድራሻ ስለተለወጠ መቃብሩን እኔ ራሴ አሳያለሁ። ትናንት ሄጄ ነበር፤ አሁንም አያጨስም።