ስለ ኮርት ጊሊስ ጤነኛ ጉልበት

ለክቡር አቶ ግሬንጀር ፖልሰን፣
የሳስካቱን የበረዶ ሆኪ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ጉልበቶችዎ፣ ጤንነትን በአክብሮት እመኛለሁ። እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ተከላካያችን ኮርት ጊሊስ ወደ ታችኛው ሊግ ስለ ወረደበት ብልሃት ለማመስገን ነው።

፩. ክለቡ ሊጉ ከወሰነው የደመወዝ ጣሪያ በማለፉ ጊሊስን ለሌሎች ክለቦች በሚቀርበው ዝርዝር ላይ አሰፈሩት። በደንቡ መሠረት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የፈለገው ክለብ ከነደመወዙ ይወስደዋል፤ ፈላጊ ካጣ ግን ወደ ታች ይወርዳል፣ አብዛኛው ደመወዙም ከጣሪያው ሒሳብ ይወጣል። እርስዎ ደመወዙ እንዲወጣ፣ ሰውየው ግን እንዲቀርልዎ መፈለግዎን አደንቃለሁ፤ በፀደይ ተከላካይ ሲጎዳ መልሰው ይጠሩታልና።

፪. ዝርዝሩ በሚወጣበት ዕለት ጠዋት በመለማመጃው ሜዳ ዶናት ጋብዘውኝ፣ “በእኔና በአንተ ይቅር እንጂ የጊሊስ ጉልበት አልቆለታል” ስላሉኝ አመሰግናለሁ። የጊሊስ ስልክ ቁጥር ዘጠኝ ዓመት እጄ ላይ አለ፤ አልደወልኩም። በወሬው ሌላውን ጋዜጣ መቅደም አማረኝና “የክለቡ የቅርብ ሰው እንደገለጹት” ብዬ በአሥራ ሁለት መስመር አወጣሁት። ክለብዎም ሲጠየቅ “ስለ ተጫዋቾች ጤና አስተያየት አንሰጥም” አለ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ብርቅ ነው።

፫. የሃሊፋክስ ክለብ ሊወስደው ተዘጋጅቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በኋላ፣ “ጽሑፍህን አነበብንና ተውነው፤ አተረፍከን” ብለው አመሰገኑኝ። የጊሊስ ሚስትና ሁለት ልጆቹ የሚኖሩት ሃሊፋክስ ነው።

ጊሊስ ራሱ ሐሙስ ዕለት ከወረደበት ከተማ ከሰንደር ቤይ ደወለልኝ። “ስማ አንተ ሽማግሌ፣ ስለ ጉልበቴ ከሐኪሜ ቀድመህ እንዴት አወቅህ?” ብሎ ሳቀ። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት መርምሮት እንከን አላገኘበትም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሚስቴ እኮ ለልጆቹ ‘አባታችሁ ሊመጣ ነው’ ብላቸው ነበር” አለኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ የነገረኝን ሰው ስም አውጥቼ አላውቅም። እያወቀ የዋሸኝን ሰው ግን ይህ ደንብ አይሸፍነውም ብዬ ወስኛለሁ። ውሸቱ የእርስዎ ነው፤ ሳላጣራ ያተምኩት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ምስጋና ባቀረብኩበት በዚሁ ገጽ ጊሊስን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታዬ ሃሊፋክስ እንደማያደርሰውም አውቃለሁ።

ጤነኛ ጉልበት በብዕሩ ያሳመመው፣
የዶናትዎ ባለዕዳ፣
ሌስሊ ማክኢቨር፣ የስፖርት ዓምድ አዘጋጅ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን በረኛዎን ዝርዝሩ ላይ እንደሚያሰፍሩት ሰምቻለሁ። የትኛው የአካሉ ክፍል እንደሚታመም ከወዲሁ ቢነግሩኝ ከነስምዎ አትመዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለእሱ እደውላለሁ።