ማቲ ምንም አይልም

ውድ ማቲ፣

ትናንት ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ስታየኝ መንገድ ተሻገርክ። ድሮ ቢሆን "ኢየሩዬ!" እያልክ ሰፈሩን ታደነቁረው ነበር። ልጠራህ አልኩና ምን እንደምልህ ጠፋኝ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ልቆጣህ አይደለም። ልቆጣ ብፈልግማ ጆሮህን ይዤ ነበር፤ ከወንድሜ ከሌሊሳ ሳህን ላይ ፓስታ እየነጠቅክ እኛ ቤት ያደግክ ልጅ ነህ።

አንተና የሰፈሩ ልጆች ጋንጃ እንደምታጨሱ የነገረኝ ራሱ ሌሊሳ ነው። ያኔ እሱ አልነካም ነበር። "ሁሉም ሲያጨስ እኔ ብቻ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እስከ መቼ እንደምችል እንጃ" አለኝ። የእህት ነገር፣ እምቢ ማለት ላስተምረው ተነሳሁ። ወረቀት ጠቅልዬ አንተን ሆንኩ። "አንዴ ብቻ ሳበው! ፈሪ ነህ እንዴ?" ስለው በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ ኢየሩ፣ ማቲ እንዲህ አይልም።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ያቀብለኛል፣ በቃ።"

የጠቀለልኩትን ወረቀት ጨምድጄ ጣልኩት።

ከዚያ እማዬ ሰማች። ታውቃታለህ፣ ጭንቅ ሲይዛት ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሮጠው። እሁድ "የጸሎት ርዕስ ያለው" ሲባል እጇን አወጣች። ስም ሳትጠራ ብታስጸልይ ምን ነበረበት! "ጌታ ልጄን ከማቲ ይለይልኝ" አለች፣ ያውም በማይክ። አንተ መዘምራኑ መሀል ቆመሃል። ጉባኤው በሙሉ "አሜን" አለ። የመዝሙር ልብስህን አውልቀህ፣ አጥፈህ ወንበር ላይ አስቀመጥክና ወጣህ። ሌሊሳም ኪቦርዱን ትቶ ተከተለህ።

አመሻሹ ላይ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። "አጨስክ?" አልኩት።

"ብቻውን ልተወው እንዴ?" አለኝ።

ማቲ፣ ጓደኛ በክፉ ቀን አይከዳም እያልን ያሳደግነው እኛው ነን። ምን ልበለው?

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ትቷል። ስመክረው "እሺ" ይለኛል፤ እሺ ብሎኝ ደግሞ ዳገቱን ይዞ ወደምታጨሱበት ባህር ዛፍ ይወጣል። ከኋላው ቆሜ አየዋለሁ። እማዬ ትጾማለች፣ ታለቅሳለች። ባለፈው ራት ስታቀርብ ተሳስታ ላንተም ሳህን አወጣች፤ ደንግጣ መለሰችው። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

አንተም ተው ብዬ ብለምንህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደዚያ አዋርደንህ ስናበቃ ምን አፍ አለን? አቅሜ አልቋል ማቲ፣ እውነቴን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ያ ነገር ካንተ እጅ ሲደርስ አጠገብህ የሚቀመጠው ሌሊሳ ነው። አንተን እምቢ ማለት አይችልበትም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። እሱን እለፈው፤ ለሚቀጥለው አቀብል።

ምንም ማለት የለብህም።

ሳህንህ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው።

እህትህ ኢየሩ