የበኩር ልጅሽ ልብ

ጎንደር፣ ሰኔ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ እንኳየሁ፣

እንዴት ከረምሽ? ሕፃኑ ንብረትስ ጡት በደንብ ይጠባል? ፊት ለፊትሽ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ነገር ልጽፍልሽ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የበኩር ልጅሽን ከመካነ ብርሃን ድረስ ታቅፈሽ ስትመጪ እኔ ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርሁ። ያለ ወሩ የተወለደ፣ በሰባተኛ ቀኑ መተንፈስ ያቃተው ልጅ ነበር። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ሳስቀምጥ ከልቡ ምት ጋር የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ የሕፃን ልብ በአልትራሳውንድ ማየት የሚችል ሰውም አጠገቤ አልነበረም። አላውቅም ለማለት አፈርሁና ብርድ መትቶት ነው አልሁሽ። በማግሥቱ ሞተ። ኋላ የደረሰው ባልሽ አላምረው፣ "ምነው በዚያ ውርጭ ይዘሽው ወጣሽ?" ሲልሽ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ። እኔም ሳላስተባብል ካርዱን ዘግቼ ወጣሁ።

ዘንድሮ ንብረትም እንደ ወንድሙ ያለ ወሩ ተወለደ። ስታመጪው በሦስት ጋቢ ጠቅልለሽው ላብ አጥምቆት ነበር። ሳዳምጠው ያው ድምፅ ነው። አሁን ግን የሕፃናትን ልብ በመሣሪያው ማየት ተምሬ ተመልሻለሁ። ደረቱን ቅባት ቀብቼ ሳየው የደሙ መንገድ በስክሪኑ ላይ በቀለም ወጣ። በሰማያዊው መካከል ቀይ ፍሰት ነበር፤ ከተወለደ በኋላ መዘጋት የነበረበት ቧንቧ ክፍት ቀርቶ ደሙ ወደ ሳንባው እየተመለሰ ያጥለቀልቀው ነበር። አንቺም ትክ ብለሽ አየሽው።

"ዶክተር፣ የፊተኛውም እንዲህ ሆኖ ነበር?"

"ደግፊው፣ እንዳይንቀሳቀስ" አልሁሽ። ሸሸሁሽ።

ቧንቧውን የሚዘጋውን መድኃኒት ጀመርንለት። በአራተኛው ቀን ደግመን ስናየው ቀዩ ጠፍቷል፤ ቧንቧው ተዘግቷል። እጄን ይዘሽ ሳምሽው። ያን ቀን ምስጋናሽን ይዤ ቤቴ መግባት እንዴት እንደከበደኝ!

እንኳየሁ፣ ጥያቄሽን አሁን ልመልስልሽ። የፊተኛውን ልጅሽን ልብ በዓይኔ አላየሁትምና እርግጠኛ ነኝ አልልም። ድምፁ ግን አንድ ነበር። ብርድ ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ጸጸቱን የተሸከምሽው ግን አንቺ። አንቺ ይዘሽው የወጣሽው ልታድኚው ነው።

አላምረው፣ ይህን የምታነብላት አንተ እንደሆንህ አውቃለሁ። እባክህ ከስምህ በላይ ያለችውን መስመር ደግመህ አንብብላት።

በነሐሴ ልጁን ለክትትል ስታመጪው፣ የምትይኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ።

ይቅርታሽን የምትለምን፣
ሰሚያ ዐብዱልከሪም